ቺዙን አትስፈሪው፣ መዝኚው



በሰው አገር የምንኖር ሙስሊም ሴቶች ቺዝ ስንገዛ አንድ የጋራ ልማድ አለን። እሽጉን ገልበጥ አድርገን በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን እናነባለን። ሬኔቱ ከምን የተሠራ ነው? ጀላቲን ገብቶበታል? በዚህ በኩል ዓይናችን የሰላ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያው እሽግ ላይ ግን ሳናየው የምናልፈው ሌላ ጽሑፍ አለ፤ የግራሙ ቁጥር። ቤት ስንገባ እሽጉን ቀደን ቺዙን በኩባያ እንሰፍራለን። የዛሬው ሐሳቤ በዚህ ላይ ነው። ቺዝ በኩባያ የሚሰፈር ነገር አይደለም። የምግብ አሠራሩ በኩባያ ቢጽፈው እንኳ ወደ ግራም ቀይሪው፤ አንቺም ለሌላ እህት ስትጽፊ በግራም ጻፊላት።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ቺዝ በወጥ ቤታችን ውስጥ ውድ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው፤ ጨውም ይበዛበታል። የረመዳን ሳምቡሳ፣ የዒድ ኩናፋ፣ የዐረፋ ክትፎ ከነአይቡ፣ ሁሉም ጊዜሽንና ገንዘብሽን ወስደው ነው ለማዕድ የሚቀርቡት። የተለካ ነገር ሲሆኑ ልፋትሽ አይባክንም።

ኩባያው ውስጥ ያለው አየር

ስፍርና ሚዛን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስፍር አንድ ነገር የያዘውን ቦታ ይነግርሻል፤ ሚዛን ደግሞ ነገሩ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ይነግርሻል። ለውሃ ልዩነቱ አያስጨንቅም፤ ውሃ በኩባያው ውስጥ ክፍተት አይተውምና። ቺዝ ግን እንደ አቆራረጡ መልኩን ይለዋውጣል።

የቸዳር ቺዝን እንውሰድ። በአሜሪካ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ኩባያ የተፈቀፈቀ ቸዳር 113 ግራም ይመዝናል። ያው ቺዝ በትንንሹ እንደ ዳይ ተቆራርጦ በዚያው ኩባያ ሲሞላ 132 ግራም ይሆናል። ቀልጦ ሲሞላ ደግሞ 244 ግራም ይደርሳል። ኩባያው አንድ፣ ቺዙም አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። የቀለጠው ኩባያውን ያለ ክፍተት ስለሚሞላው፣ የተፈቀፈቀው ኩባያ ከግማሽ በላዩ አየር እንደነበረ ከዚህ ማየት ትችያለሽ።

መፈቅፈቂያሽም ይለያያል። በትልቁ ቀዳዳ የፈቀፈቅሽውና በደቃቁ የፈቀፈቅሽው በአንድ ኩባያ እኩል አይገቡም። ፓርሜዛን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቆርቆሮ ተፈጭቶ የሚሸጠው ደቃቅ ፓርሜዛን በኩባያ ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ከድፍኑ ላይ በደቃቅ መፈቅፈቂያ አሁን ያወረድሽው ግን እንደ ጥጥ ነፍቶ ስለሚቀመጥ የዚያን ግማሽ ላይመዝን ይችላል። ከዚያ ደግሞ የእጅ ነገር አለ። አንዷ ኩባያውን በማንኪያ ጀርባ ጠቅጠቅ አድርጋ ትሞላለች፤ ሌላዋ ላላ አድርጋ ታፈሳለች። ሁለቱም «አንድ ኩባያ ጨመርኩ» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የጨመሩት ግን እኩል አይደለም።

ሌላም አለ። «አንድ ኩባያ ቺዝ፣ ተፈቅፍቆ» የሚል አሠራር ስታነቢ መጀመሪያ ትሰፍሪያለሽ ወይስ መጀመሪያ ትፈቀፍቂያለሽ? በስፍር ሁለቱ የተለያየ ውጤት ይሰጡሻል። «113 ግራም» ከተባለ ግን ከመፈቅፈቅሽ በፊትም፣ ከፈቀፈቅሽ በኋላም ያው 113 ግራም ነው። ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ሁለቱ አውንሶች

በአሜሪካ ያላችሁ እህቶች በተለይ ይህን አስተውሉ። የመስታወት መለኪያችሁ ላይ አንዱ ኩባያ «8 አውንስ» ተብሎ ተጽፏል። ያ የፈሳሽ አውንስ ነው፤ ስፍር ነው። የቺዝ እሽግ ላይ «8 አውንስ» ሲጻፍ ደግሞ የክብደት አውንስ ነው። አንዱ የክብደት አውንስ 28 ግራም ገደማ ስለሆነ 8ቱ 227 ግራም ይሆናሉ። ሁለቱ በስም ቢመሳሰሉም አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

አሠራሩ «8 አውንስ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ» ካለሽና አንቺ መለኪያውን እስከ 8ኛው መስመር ከሞላሽ ያገኘሽው 4 አውንስ፣ ማለትም የሚያስፈልገውን ግማሽ ብቻ ነው። ተፈቅፍቆ በሚሸጠው ባለ 8 አውንስ ከረጢት ላይ ብዙ ጊዜ «2 ኩባያ» ተብሎ የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትይዢ በቂ ነው፤ የተፈቀፈቀ ቺዝ አንድ ኩባያው 4 አውንስ እንጂ 8 አውንስ አይደለም።

አሠራሩ ባሕር ሲሻገር

የእኛ ነገር ከሌላው የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ። የምግብ አሠራር የምንለዋወጠው በስልክ ነው፤ እኅት ከሚኒሶታ ትልካለች፣ ሌላዋ ከጂዳ ትቀበላለች፣ ሦስተኛዋ በስቶክሆልም ትሞክረዋለች። የአሜሪካው ኩባያ 237 ሚሊሊትር ገደማ ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች የሚሸጠው መለኪያ 250 ሚሊሊትር ይይዛል። የቤት የሻይ ኩባያ ደግሞ እንደ ገዢው ምርጫ ነው። «አንድ ብርጭቆ» ብላ የምትጽፍም አለች፤ የማን ቤት ብርጭቆ? አውሮፓ ያለችው እህት ደግሞ አሠራሯ ሁሉ በግራም ስለሆነ ኩባያ ሲሏት ግራ ይገባታል። ግራም ግን ሚኒሶታም፣ ጂዳም፣ ስቶክሆልምም፣ ደሴም አንድ ነው።

እንግዲህ ለመቀየሪያ የሚሆንሽን እነሆ። ሁሉም ለአንድ የአሜሪካ ኩባያ ነው፤ ላላ ተደርጎ በተሞላ ልክ።

— የተፈቀፈቀ ቸዳር ወይም ሞዛሬላ፦ 113 ግራም (4 አውንስ)
— በትንንሹ የተቆራረጠ ቸዳር፦ 130 ግራም ገደማ
— የተፈረፈረ ፌታ፦ እንደ አፈራፈሩ ከ115 እስከ 150 ግራም
— ኮቴጅ ቺዝ፦ 225 ግራም ገደማ
— ክሪም ቺዝ፦ 230 ግራም ገደማ
— ሪኮታ፦ ከ225 እስከ 250 ግራም
— ደቃቅ የቆርቆሮ ፓርሜዛን፦ 100 ግራም ገደማ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 5 ግራም

ስሌቱ ቀላል ነው። ከኩባያ ወደ ግራም ስትሄጂ የኩባያውን ቁጥር በግራሙ አባዢ። «አንድ ተኩል ኩባያ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ» ማለት 113 ሲባዛ በ1.5፣ 170 ግራም ነው። ከግራም ወደ ኩባያ ስትመለሺ አካፍይ። 250 ግራም ሞዛሬላ ለ113 ሲካፈል ከሁለት ኩባያ ትንሽ ከፍ ይላል። 250 ግራም ሪኮታ ግን አንድ ኩባያ ገደማ ብቻ ነው። አየሽ፣ «250 ግራም ቺዝ ስንት ኩባያ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። መጀመሪያ የምትጠይቂው «የትኛው ቺዝ? እንዴት የተዘጋጀ?» ብለሽ ነው።

ዝርዝሩን እንደ ጣት ሕግ ለማስታወስ ከፈለግሽ በሁለት ክፈይው። የሚፈቀፈቅና አየር የሚይዝ ቺዝ በኩባያ ከ100 ግራም ብዙም አይርቅም። ለስላሳና ኩባያውን ያለ ክፍተት የሚሞላ ቺዝ ደግሞ እንደ ውሃ 230 ግራም አካባቢ ነው። አንዱ የሌላው እጥፍ ነው ማለት ነው።

ውሃው የማን ነው?

ሚዛንም ቢሆን መቼ እንደመዘንሽ ይጠይቅሻል። የአገራችን አይብ ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ ነው። እዚህ አገር ኮቴጅ ቺዝ ወይም ሪኮታ ገዝተን በጨርቅ አንጠልጥለን፣ አጥልለን እንደ አይብ ስንጠቀም፣ ወደ ማጥለያው የገባውና ከማጥለያው የወጣው አንድ አይደለም። ከማጥለልሽ በፊትና በኋላ መዝኚው፤ ልዩነቱ የወጣው ውሃ ነው። ከጎመን ጋር ስትቀላቅይው ወይም ሳምቡሳ ውስጥ ስትከችው የሚጠቅምሽ የኋለኛው ቁጥር ነው። ውሃው ሳይጠል የተመዘነ አይብ ሊጡን ያርሰዋል፤ ሳምቡሳውም ዘይት ውስጥ ይፈነዳል።

በአውሮፓ የሚሸጠው በውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሞዛሬላም እንዲሁ ነው። እሽጉ ላይ ሁለት ክብደት ታያለሽ፤ አንዱ ከነውሃው፣ ሌላው ውሃው ሲጠል። ድቡልቡሉ ብዙ ጊዜ ሲጠል 125 ግራም ነው። ለምግብሽ የምትቆጥሪው ይህን ነው።

ለኩናፋ ደግሞ የዐካዊ ወይም የናቡልሲ ጅብን ጨዉ እንዲወጣለት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እዚያ ውስጥ ሲቆይ ጨው ይወጣል፣ ውሃም ይገባል፤ ክብደቱ እንደገዛሽው አይቆይም። ስለዚህ አሠራሩን ለሌላ ስታስተላልፊ «500 ግራም፣ ከመዘፍዘፉ በፊት» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ቃል ነው፤ የምታነበውን እህት ግን ከግምት ያድናታል።

እንደ ነርስ የማየው

በሥራዬ ከምሰማቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ትንሽ» የሚያስቸግረኝ የለም። «ጨው ትንሽ ነው የምበላው»፣ «ቺዝ ትንሽ ጣል አደርጋለሁ»። ትንሽ ቁጥር አይደለም። የአንዷ ትንሽ 20 ግራም ነው፣ የሌላዋ 80 ግራም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የሶዲየም መጠን በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው፤ ይህም 5 ግራም ጨው ያህል ነው። ፌታ በ100 ግራሙ ወደ 1000 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። አንድ ኩባያ ፌታ ላላ ተደርጎ 115 ግራም፣ ተጠቅጥቆ 150 ግራም ከሆነ፣ በእጅ አሞላል ብቻ የ350 ሚሊግራም ልዩነት መጣ ማለት ነው። ያ ለጤነኛ ሰው በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ እናት በቤትሽ ካለች፣ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት አባት ካለ፣ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ «ቀንሱ» ሲል ከምን ያህል ወደ ምን ያህል እንደምትቀንሺ ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ምጣዱ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽና።

የእሽጉን ሠንጠረዥ ለማንበብም ግራም ያስፈልግሻል። በአሜሪካ ሠንጠረዡ የሚሰላው ለአንድ ድርሻ ነው፤ ለተፈቀፈቀ ቺዝ ድርሻው ብዙ ጊዜ ሩብ ኩባያ ወይም 28 ግራም ይባላል። ያ ቁጥር ቤተሰቡ ለሚበላው ሙሉ ሳህን አይደለም። በአውሮፓ ደግሞ ለ100 ግራም ይሰላል፤ የሚጻፈውም ሶዲየም ሳይሆን ጨው ነው። ጨዉን ለ2.5 ብታካፍይው ሶዲየሙን ታገኛለሽ። 1.5 ግራም ጨው የተጻፈበት ቺዝ 600 ሚሊግራም ሶዲየም አለው ማለት ነው።

ስፍር ብቻውን እንደማይበቃ ከልጆች መድኃኒትም መማር እንችላለን። ለሕፃናት የሚሰጠው የፓራሲታሞል ሽሮፕ በእንግሊዝ በ5 ሚሊሊትሩ 120 ሚሊግራም የያዘ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚሸጠው በ5 ሚሊሊትሩ 160 ሚሊግራም ይይዛል። «አንድ ማንኪያ ስጪው» የሚል ምክር ከለንደን ወደ ዋሽንግተን ሲላክ ማንኪያው አንድ ሆኖ መድኃኒቱ ተለወጠ። ቺዝ መድኃኒት አይደለም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ በዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል ነው?

«እናቶቻችን ሚዛን ነበራቸው?»

ይህን የምትጠይቀኝ እህት እንዳለች አውቃለሁ፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነው። እናቶቻችን በዓይናቸው ለክተው፣ በእጃቸው ቆንጥረው፣ በሽታው ብቻ አውቀው የሚያስደንቅ ምግብ አቅርበዋል። እውነት ነው። እስቲ ግን እንዴት እንደቻሉት እንመልከት።

እናትሽ ሃያ ዓመት በአንድ ድስት አበሰለች። አይቡን የገዛችው ከአንድ ገበያ፣ ምናልባትም ከአንዲት ሴት፣ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው ነው። ሲኒው ያው፣ ጣሳው ያው፣ ቁናው ያው ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ እጇ ሚዛን ሆነ። የማይለዋወጥ ነገር ለረጅም ጊዜ የለካ እጅ በእርግጥም ሚዛን ነው። የአንቺ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። ቤት ትቀይሪያለሽ፣ ከተማ ትቀይሪያለሽ፣ አንዳንዴም አገር። ዛሬ ያገኘሽው ቺዝ በሚቀጥለው ወር ከመደርደሪያው ይጠፋል። እጅሽ ሳይለምደው ነገሩ ይለወጣል። ሚዛን መያዝ የእናትሽን እጅ መናቅ አይደለም፤ የእሷ እጅ ያውቀው የነበረውን ለማቆየት የቀረሽ መንገድ ነው። እናትሽ በሕይወት ካለችና አይቡን ስትቆነጥር አጠገቧ ከሆንሽ፣ ቁንጥሯን ሚዛን ላይ አሳርፊውና ቁጥሩን ጻፊው። ለልጅሽ የምታወርሺው እሱን ነው።

ስፍርን ወደ ሚዛን መቀየር ለእኛ አዲስ አይደለም

በየዓመቱ ረመዳን ሲያልቅ ይህንኑ ስሌት እንሠራለን። ዘካተል ፊጥር በነቢያችን (ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም) ዘመን ይሰጥ የነበረው በሷዕ ነው። ሷዕ ስፍር ነው፤ አራት ሙድ ይይዛል። ቡኻሪና ሙስሊም ባስተላለፉት የአቡ ሰዒድ አል ኹድሪይ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ሐዲሥ ውስጥ በሷዕ ይሰጡ ከነበሩት ምግቦች መካከል ገብስ፣ ተምርና ዘቢብ ተጠቅሰዋል፤ ከእነሱም ጋር አቂጥ አለ። አቂጥ ከወተት የሚሠራ የደረቀ አይብ ነው። እነሆ፣ በስፍር የተለካ አይብ በዚያ ይገኛል።

ዛሬ ሷዑ በእጃችን ስለሌለ ዑለማዎች ወደ ኪሎ ቀይረው ይነግሩናል። የሚጠቅሱት ክብደት ከ2 ኪሎ ትንሽ ከፍ ከሚለው እስከ 3 ኪሎ ይለያያል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት እስካሁን ስናየው የቆየነው ነው፤ አንድ ሷዕ ሩዝና አንድ ሷዕ ተምር እኩል አይመዝኑም። የሑክሙን ዝርዝር ለዑለማዎች እተዋለሁ፤ እኔ ነርስ ነኝ። የምለው ይህን ያህል ነው፦ ለስፍርና ለሚዛን መጨነቅ የፈረንጅ አመል አይደለም፤ ከራሳችን ቤት የምናውቀው ነው።

ከቤትሽ ምግብ እየሠራሽ የምትሸጪ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ይሆናል። ቁርኣን ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅበት፣ 83ኛው ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን አለን። ለረመዳን 40 የቺዝ ሳምቡሳ ካዘዘችሽ እህት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ሞልተሽ፣ በመጨረሻው ሳምንት አሳንሰሽ ከሰጠሻት፣ ባታስቢውም መብቷ ተጓድሏል። ለአንዱ 20 ግራም ብለሽ ከወሰንሽ ለ40ው 800 ግራም ነው። ስትገዢ ታውቂያለሽ፣ ዋጋ ስታወጪ ታውቂያለሽ፣ ስትሸጪም ልብሽ ያርፋል።

በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ ላንቺም የምለው አለኝ። «ቺዙ ትናንት ተገዝቶ ዛሬ እንዴት አለቀ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያቆስል የሰማው ያውቃል። ማዳሟ «አንድ ኩብ ጅብን» ስትልሽ የትኛውን ኩባያ እንደሆነ አሳይታሽ እንደሆነ እንጃ። በቤቱ ሚዛን ካለ ተጠቀሚበት። «500 ግራም ነበር፤ ለፈጢራው 200፣ ለሳምቡሳው 250 ወሰድኩ፤ 50 ቀርቷል» ብሎ መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው። ቁጥር ይዛ የምትናገርን ሴት ያለ ማስረጃ መውቀስ ቀላል አይሆንም።

ሚዛኑን እንዴት ትጠቀሚያለሽ?

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም። በተስተካከለ ቦታ ላይ አስቀምጪው፤ ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ላይ አይሁን። ሳህኑን አስቀምጠሽ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኚ፤ ከዚያ ቺዙን ጨምሪ። ቁጥሩ በግራም መሆኑን አረጋግጪ። አንዳንዱ ሚዛን ሚሊሊትር የሚልም ምርጫ አለው፤ እሱ የሚሠራው ለውሃና ውሃ መሰል ፈሳሽ እንጂ ለቺዝ አይደለም።

ድፍን ቺዝ ከሆነ ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ድፍኑን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ከዚያ አንስተሽ የምትፈልጊውን ያህል ፈቅፍቂና ድፍኑን መልሺው። ሚዛኑ ከዜሮ በታች የሚያሳየው ቁጥር የፈቀፈቅሽው ነው። ተጨማሪ የሚታጠብ ዕቃም የለም።

ሚዛኑ ትክክል መሆኑን መፈተሽ ከፈለግሽ ቦርሳሽን ክፈቺ። የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲም 5 ግራም ነው፤ የ1 ዩሮ ሳንቲም 7.5 ግራም ነው። አንድ ብቻ አስቀምጠሽ ልዩነቱን ለማየት ስለሚያስቸግር አሥር አሥር አድርጊያቸው፤ 50 ወይም 75 ግራም ማሳየት አለበት። ሳንቲሞቹን የማታገኚ ከሆነ ግማሽ ሊትር ውሃ 500 ግራም ነው።

ሚዛን እስክትገዢ ድረስ እሽጉ ራሱ ሚዛንሽ ይሁን። 227 ግራም የሆነውን ድፍን ቺዝ በቢላ እኩል ለሁለት ብትከፍይው አንዱ ክፋይ፣ ሲፈቀፈቅ አንድ ኩባያ የሚሆነው ነው። የአውሮፓን 200 ግራም ፌታ ለአራት ብትከፍይው እያንዳንዱ 50 ግራም ነው። የተዘጋ እሽግ ተመዝኖ ነው የመጣው፤ ያንን ሥራ እንደገና በኩባያ አታበላሺው።

ሁሉን መዝኚ እያልኩሽ አይደለም። ሰላጣ ላይ የምትበትኚውን፣ ፓስታ ላይ የምትነሰንሺውን እንደ ምላስሽ አድርጊው። ሚዛን የሚያስፈልገው ሊጥ ውስጥ ለሚገባ፣ ለሚጋገር፣ ለሚሸጥና በሐኪም ትእዛዝ ለሚበላ ነው። በእነዚህ አራቱ ላይ ግን ግምት አይበቃም።

እንግዲህ እህቴ፣ ረመዳን ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገር እንድታደርጊ እጠይቅሻለሁ። አንደኛ፣ ደጋግመሽ ከምትሠሪያቸው መካከል ቺዝ ያለበትን አንድ አሠራር ምረጪና ኩባያውን ሰርዘሽ ግራሙን ጻፊበት። ሁለተኛ፣ በስልክ ለእህቶችሽ አሠራር ስትልኪ የቺዙን ዓይነት፣ ግራሙን፣ «ከመጥለሉ በፊት» ወይም «ከጠለለ በኋላ» የሚለውን ጨምሪበት። የምትቀበልሽ እህት በሌላ አገር፣ በሌላ ወጥ ቤት ብቻዋን የምትታገል ናት፤ አንድ ቁጥር ብዙ ድካም ይቀንስላታል።

አላህ በማዕዳችን በረካ ያድርግ፤ ሚዛናችንን የሞላ፣ ድካማችንን የተቀበለው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።